ስለ ማበላለጥ፤ የላቲን ሰዋስውና የአገራችን ቋንቋዎች የተገናኙበት ታሪክ

የደብረ ብርሃን ሰው ብርዱን፣ የአንኮበር ሰው ገደሉን ይዞ ይከራከራል። ከአንኮበር አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ የተመለከተ ሰው «በሸዋ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም» ቢል አይፈረድበትም። መለኪያው ግን ሌላ ይናገራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር ታልፋለች፤ የአንኮበር ከተማ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ በአማርኛ «ደብረ ብርሃን ከአንኮበር ትበልጣለች» ብለን ክርክሩን እንዘጋለን። የጥንት ሮማዊ ቢሆን ኖሮ «ደብረ ብርሃን አልቲዮር ኤስት ኳም አንኮበር» ይል ነበር።

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አንድ እውነት ይናገራሉ፤ አሠራራቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። ላቲኑ ጉዳዩን የፈጸመው በቅጽሉ ጫፍ ላይ በጨመረው በ«ኢዮር» ነው። አማርኛው በቅጽል ላይ ምንም አልጨመረም፤ እንዲያውም ቅጽል አላስፈለገውም። «ከ» የምትለውን አንዲት ፊደል ከአንኮበር ፊት አቁሞ የቀረውን ሥራ ለግሱ ተወለት። የአውሮፓ ሊቃውንት ከ1552 ጀምረው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ግእዝንና አማርኛን በላቲን ሲያጠኑና ሲጽፉ ኖረዋል። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የምናነሣው ይህንኑ ታሪክ ነው፤ የሌላውን አገር ቋንቋ በራስ ቋንቋ ሚዛን መመዘን ምን ያሳያል፣ ምንስ ይሰውራል? (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስናነሣ ዓ.ም. ብለን እንለያለን።)

አስቀድመን ደንቡን እንናገር። በላቲን ቅጽል ሦስት ደረጃ አለው። «አልቱስ» ከፍ ያለ፣ «አልቲዮር» ይበልጥ ከፍ ያለ፣ «አልቲሲሙስ» ከሁሉ ከፍ ያለ ማለት ነው። ተማሪው የቃሉን ግንድ ይዞ ጫፉን ብቻ ይለውጣል፤ ለወንድና ለሴት ጾታ «ኢዮር»፣ ወንድም ሴትም ላልሆነው ጾታ «ኢዩስ» ይላል። ከዚህ ደንብ ያፈነገጡም አሉ፤ በላቲን ክፍል ተማሪውን የሚያስጨንቁትም እነርሱ ናቸው። «ቦኑስ» ጥሩ ማለት ሲሆን የተሻለው «ሜሊዮር»፣ ከሁሉ የተሻለው «ኦፕቲሙስ» ይባላል። ትልቁ «ማግኑስ»፣ የሚበልጠው «ማዮር»፣ ከሁሉ የሚበልጠው «ማክሲሙስ» ነው። ትንሹም «ፓርዉስ»፣ «ሚኖር»፣ «ሚኒሙስ» እያለ ይወርዳል። ላቲን የማያውቅ አንባቢ ይህን ሰምቶ «ለእኔ ባዳ ነገር ነው» እንዳይል እናሳስበዋለን። በሒሳብ ክፍል «ፕላስ» እና «ማይነስ» ስንል በላቲን «የበለጠ» እና «ያነሰ» ማለታችን ነው። «ጁኒየር» ይበልጥ ወጣት፣ «ሲኒየር» ይበልጥ አዛውንት ማለት ነው። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ያለው ልጅ ሳይቀር በቀን ስንት ጊዜ የላቲን ማበላለጫ እንደሚጠራ አያውቀውም።

ላቲኖች እያንዳንዱን ደረጃ «ግራዱስ» ይሉታል፤ በእግር የሚረገጥ እርከን ማለት ነው። በሊቃውንቶቻችን ዘንድ ደግሞ የቋንቋ ደንብ የሚጠናበት ትምህርት ሁሉ «ሰዋስው» ይባላል፤ ትርጓሜው መሰላል ነው። ሁለቱ ወገኖች ሳይተዋወቁ አንድ ምሳሌ መምረጣቸው ደስ ያሰኛል። የኛ መሰላል ግን ከፊደል ወደ ምሥጢር የሚያወጣ ነው፤ የነሱ መሰላል ቅጽሉን ከ«ከፍ ያለ» ወደ «ከሁሉ ከፍ ያለ» የሚያወጣ ነው።

ሁለቱ መሰላሎች መጀመሪያ የተገናኙት በሮማ ከተማ ነው፤ አገናኙም የሸዋ ሰው ነበሩ። አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው። ገዳማቸው በ1531 በግራኝ ጦርነት ተቃጥሏል። እርሳቸው በሮማ ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ባለው በኢትዮጵያውያን ገዳም በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀምጠው፣ ፈረንጆቹም ፔትሩስ ኤቲዮፕስ እያሉ ጠርተዋቸው፣ በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን በማተሚያ መኪና አሳተሙ። ከእርሳቸው ግእዝ ከተማሩት አንዱ ማርያኖ ቪቶሪዮ የተባለ ኢጣልያዊ ነበር። ይህ ሰው በ1552 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የግእዝ ሰዋስው በላቲን አሳተመ። በዚያው ዓመት አባ ተስፋ ጽዮን ዐረፉ። የአገራችን ቋንቋ በላቲን መሰላል ላይ መውጣት የጀመረው እንግዲህ በአንድ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ አፍ ነው ማለት ነው።

መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ሁለተኛው ግንኙነት ሆነ፤ ይኸኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ተወለደ። በ1649 ወደ ሮማ ሄዶ በዚያው በእስጢፋኖስ ገዳም የአምሐራ ተወላጅ የሆኑትን የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በጎታ መስፍን በኤርነስት ተጠርተው ወደ ጀርመን ሄዱና ጥቂት ወራት ከሉዶልፍ ጋር ተቀመጡ። መነጋገሪያቸው ግእዝ ነበር። አንድ ጀርመናዊና አንድ ሐበሻ በሰሜን አውሮፓ ግንብ ውስጥ ተቀምጠው በያሬድ ቋንቋ ሲጨዋወቱ ማሰብ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ። የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግን በፍራንክፈርት የወጡት በ1698 ነው፤ መምህሩ ከሞቱ ልክ አርባ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እነዚህ ሁሉ በላቲን የተጻፉ ናቸው፤ የአውሮፓ ሊቅ ሁሉ የሚያነበው ያኔ ላቲን ነበርና።

እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ሥራ ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው ልማድ በልጅነታቸው የተማሩት የላቲን ሰዋስው መሆኑን አንርሳ። የላቲን ተማሪ ቅጽልን ባገኘ ቁጥር ሦስቱን ደረጃ መጠየቅ ይለምዳል፤ «ይህ አልቱስ ከሆነ፣ አልቲዮሩ ማን ነው?» ይላል። ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ አማርኛ የመጣ ሰው «ረጅም» የሚለውን ቃል ቢያገላብጠው፣ ጫፉንም ቢፈትሸው፣ «ኢዮር»ን የመሰለ ነገር አያገኝም። «ረጅም» ምንጊዜም «ረጅም» ነው። እንግዲህ በሰንጠረዡ ላይ አንዱ ሣጥን ባዶ ይቀራል። ባዶ ሣጥን ደግሞ አደገኛ ነገር ነው፤ ያየው ሰው ሁሉ «ጉድለት አለ» ይላልና።

እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በአንድ የሰዋስው መጽሐፍ «አማርኛ የቅጽል ማበላለጫ የለውም» የሚል መስመር ደርሶብን ነበር። አንድ ጓደኛችን እጁን አንሥቶ «አባ፣ ታዲያ ቋንቋችን ሳያልቅ የቀረ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የልብ ጥያቄ ስለ ነበር ማንም አልሳቀ። አባ መልስ አልሰጡም፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት የላቲን ዓረፍተ ነገር ጻፉልን። አንደኛው «ኤኩስ ማዮር ኤስት ኳም አሲኑስ» ይላል። ሁለተኛው «ኤኩስ አሲኖ ማዮር ኤስት» ይላል። ሁለቱም «ፈረስ ከአህያ ይበልጣል» ማለት ናቸው። «አሁን በሁለተኛው ውስጥ ከ የሚለውን ቃል ፈልጉልኝ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላቲን ለማወዳደር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ኳም» የሚለውን ቃል በመካከል አግብቶ ሁለቱን ስሞች በአንድ ዓይነት ሙያ ማስቀመጥ ነው፤ ፈረሱ ባለቤት ከሆነ አህያውም በባለቤት መልክ «አሲኑስ» ይባላል። ሁለተኛው መንገድ «ኳም»ን ጥሎ የሁለተኛውን ስም ጫፍ መለወጥ ነው፤ «አሲኑስ» የነበረው «አሲኖ» ይሆናል። ይህን መልክ ላቲኖች «አብላቲዉስ» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ መውሰድን፣ ማራቅን ያመለክታል። ከብዙ ሥራዎቹ መካከል አንዱ አንድ ነገር ከሌላው መለየቱን፣ መራቁን፣ መነሣቱን መናገር ነው፤ እኛ «ከቤት ወጣ»፣ «ከጎንደር መጣ» የምንለውን ማለት ነው። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት በማበላለጥ ጊዜ የሚገባውም ይኸው የመነሻ መልክ ነው። «ኤኩስ አሲኖ ማዮር ኤስት» ማለት በቁሙ ሲፈታ «ፈረስ፣ ከአህያ ተነሥቶ ሲለካ፣ ትልቅ ነው» እንደ ማለት ነው። ይህ ከእኛ «ፈረስ ከአህያ ይበልጣል» ምን ያህል ይርቃል? መለኪያውን አህያው ላይ ተክሎ ፈረሱን ወደ ላይ መለካት ነው። በሮምም በመንዝም የተሠራው ሥራ አንድ ነው። የመንዝ ሽማግሌዎች እንዲያውም «ከ»ን በ«ተ» ለውጠው «ተአህያ ፈረስ ይበልጣል» ይላሉ፤ ፊደሏ ብትለወጥም አሳቧ አልተለወጠችም።

ጠንቃቃ አንባቢ ግን «ላቲኑ ከአብላቲዉሱ ሌላ በቅጽሉም ላይ ምልክት አለው፤ እናንተ ግን የላችሁም» ሊለን ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ግእዝ «ፈረስ የዐቢ እምአድግ» ይላል፤ «እም» የእኛ «ከ» ናት፣ «የዐቢ» ም ግስ ነው። ዕብራይስጥም ቅጽሉን ሳይነካ «ሚን» የሚለውን የመነሻ ቃል ከሁለተኛው ስም ፊት ያቆማል። ዐረብኛ ከዘመዶቹ ተለይቶ «ከቢር» ካለው «አክበር» ብሎ ቅርጹን ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን እርሱም «ሚን» ማለቱ አይቀርም። ጎረቤታችን ኦሮምኛ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። «ፈርዲ ሃሬ ጫላ» ሲል ያለ «ከ» በግሱ ብቻ ይጨርሰዋል፤ ፈረስ አህያን ይበልጠዋል ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ በጫፍ፣ አንዱ በመነሻ፣ አንዱ በግስ ይሠራል እንጂ ሳያበላልጥ የቀረ የለም።

እዚህ ላይ ለላቲን የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም፤ «ኳም» እኛ የምንቸገርበትን አንድ ነገር ይፈታል። «መምህሩ ከእኛ ይልቅ ታናናሾቻችንን ይወዳሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። መምህሩ እኛን ትንሽ፣ እነርሱን ብዙ ይወዳሉ ማለት ነው? ወይስ ታናናሾቻችንን እኛ ከምንወዳቸው አብልጠው ይወዳሉ ማለት ነው? አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል። በላቲን ግን ከ«ኳም» በኋላ «ኖስ» ማለትም «እኛ» የሚለው ቃል ለባለቤትም ለተሳቢም አንድ ስለሆነ እዚያም ጥርጥር ይኖራል፤ በ«እኔ» ብንለውጠው ግን ይጠራል። «ኳም ሜ» ካለ የሚወደደው እኔ ነኝ፤ «ኳም ኤጎ» ካለ የሚወደው እኔ ነኝ። አማርኛ ይህን ለማጥራት «እኔ ከምወዳቸው ይበልጥ» ብሎ ግሱን መድገም አለበት። ረዘም ይላል፤ ግን ይቻላል።

በአንጻሩ አማርኛ ያለው ሀብት በግሱ ነው። ላቲን «አልቲዮር» ብሎ ማሰሪያውን «ኤስት» ይጨምራል፤ እኛ ግን «ይረዝማል»፣ «ያጥራል»፣ «ይሞቃል»፣ «ይበርዳል» እያልን ጠባዩንና ማሰሪያውን በአንድ ቃል እንጨርሳለን። አንኮበር ከደብረ ብርሃን ይሞቃል ለማለት አንዲት «ከ» ብቻ ትበቃለች። «ይልቅ» የምንለውም ቃል «ላቀ» ከሚለው ግስ ዘር ነው፤ ዛሬ እንደ መስተዋድድ ብንጠቀምበትም በውስጡ «ይበልጣል» የሚል ግስ ተቀብሯል። «ታላቅ» እና «ታናሽ» ደግሞ ልብ በሉ። «ታላቄ መጣ» ያለ ሰው ስለ ወንድሙ ቁመት አልተናገረም፤ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጠው ማለቱ ነው። ይህ ከላቲኑ «ሲኒዮር» በምን ያንሳል? ባዶ የተባለው ሣጥን ቢፈተሽ እንዲህ ያለ ዕቃ ይወጣበታል።

ከዚህ አልፎ ሰው አድርገን እንጠራዋለን። ከእኛ መካከል «ይበልጣል» የሚባል ጓደኛ የሌለው ማን አለ? በኦሮሞ ጓደኞቻችን ዘንድም «ጫላ» አለ፤ ትርጓሜው ያው ነው። ሮማውያንም ልጆቻቸውንና ጀግኖቻቸውን «ማክሲሙስ» ይሉ ነበር፤ ሐኒባልን በትዕግሥት ያደከመው ፋብዩስ ማክሲሙስ አንዱ ነው። እነርሱ ከመሰላሉ ሦስተኛውን እርከን መረጡ፤ የኛ ወላጆች ግን ሁለተኛውን መርጠው ከማን እንደሚበልጥ ሳይናገሩ ተዉት። ይህ ትሕትና ይሁን ብልሃት አንባቢ ይፍረድ።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ሸዋ እንመለስ። በ1839 ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ክራፕፍ የተባሉ ጀርመኖች በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ተልከው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት መጡና በአንኮበር ተቀመጡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆይቶ በይበልጥ ኦሮምኛን ያጠና ነበር። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ የአማርኛ ሰዋስውን በ1842 በለንደን አሳተመ። እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ከሉዶልፍ ወዲህ መቶ አርባ አራት ዓመት አልፎ ነበርና ላቲን በሊቃውንት ዘንድ ዙፋኑን እየለቀቀ ነበር።

ሆኖም ገና አልሞተም ነበር። በ1867 በፓሪስ በንጉሠ ነገሥቱ ማተሚያ ቤት አንድ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በላቲን ታትሞ ወጣ። ደራሲው የካፑቺን ማኅበር ኢጣልያዊ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ ናቸው፤ በአገራችን አቡነ ማስያስ ይባሉ ነበር። መጽሐፉን ያዘጋጁት ቋንቋዎቹን መማር ለሚፈልጉ ሚሲዮናውያን ነው። ኢጣልያዊውም ፈረንሳዊውም ካህን ላቲን ያውቃልና አንድ መጽሐፍ ለሁሉም ይበቃል። መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ በ1868 አቡነ ማስያስ ሸዋ ገቡ፤ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማትርቀው በልቼ ከንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ተቀበሏቸው። እስከ 1879 ድረስ በሸዋ ቆይተው በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ፤ በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ በ1889 ዐረፉ። እኛን በዚህ መጽሐፍ የሚማርከን አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ጥራዝ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። በ«ከ» የሚያበላልጠውና ያለ «ከ» በ«ጫላ» የሚያበላልጠው፣ በልቼ ገበያ በየሳምንቱ የሚገናኙት ሁለቱ ቋንቋዎች፣ በላቲን ገጽ ላይም ተገናኙ።

በነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ላይ የተጻፈው የፈረንጁ ስም ነው፤ ከኋላ ግን ምንጊዜም አንድ የአገር ሊቅ አለ። ከቪቶሪዮ ኋላ ተስፋ ጽዮን፣ ከሉዶልፍ ኋላ ጎርጎርዮስ አሉ። በ1901 በሮማ ታላቁን የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ካሳተመው ከኢኛሲዮ ጉይዲ ኋላም መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ አሉ። የኚህ መምህር ዕጣ ግን ከቀደሙት ይለያል። የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለሸዋው ሰው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ። አለቃም በኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ተቀምጠው ሲደክሙበት ኖረው እርሳቸውም ሳያሳትሙት ዐረፉ፤ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ከፍጻሜ አድርሰውት በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ስሙ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነው። ሦስት ትውልድ የፈጀ ሥራ ነው። በዚህ መጽሐፍ ግእዙ የሚፈታው በአማርኛ ነው፤ የላቲን መሰላል አያስፈልገውም፤ በርዕሱ እንደ ተጻፈው የራሱ ሰዋስው አለውና።

ላቲኑ ግን ከግእዝ ተማሪ ጠረጴዛ ገና አልተነሣም። ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን በ1865 በላይፕሲግ ያሳተመው ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት ቃላቱን የሚተረጕመው በላቲን ነው፤ እስከ ዛሬም የግእዝ ተመራማሪ ሁሉ ይገልጠዋል። ከክፍላችን ሁለት ጓደኞቻችን በዩኒቨርሲቲ ግእዝ ለማጥናት አስበዋል። አንዱ በቤተ ክርስቲያን ቅኔ የተማረ ነው፤ ሁለተኛው ከእኛ ጋር በሚሲዮን ትምህርት ቤት «ሜሊዮር፣ ኦፕቲሙስ» ያለ ነው። አንዱ የአለቃ ኪዳነ ወልድን፣ ሌላው የዲልማንን መጽሐፍ ይዘው በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ ከወዲሁ ተዋውለዋል።